አባባ ጎንግን የጠረገችው ሴት

ፋንግ ሊዩን ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቃት «ጽዳት» ትላለች። ስለዚህ የሺንቹ ከተማ ገበያ ሴቶች ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መጥረጊያ ይዛ የምትዞር ይመስላቸው ነበር። አንዲት የሩዝ ፓስታ ሻጭማ «ወገብሽን አያምሽም?» እያለች የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ትሰጣታለች። ሊዩንም ነገሩን ከማስረዳት ፕላስተሩን መቀበል ይቀላታል።

እውነቱ እንዲህ ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ የቤት መልክ በጨረር እንለካለን። ስካነሩ በሦስት እግሩ ቆሞ ይዞርና ግድግዳውንም፣ ወንበሩንም፣ ድስቱንም በሚሊዮን ነጥብ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ልዩ መነጽር ያጠለቀ ሰው ቤቱ ውስጥ የገባ ያህል እየተዘዋወረ ያያል። ችግሩ በልኬቱ ሰዓት የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ፣ ድመትም ይሁን መጋረጃ ወይም ሰው፣ እንደ ጭስ ተበታትኖ መቅረቱ ነው። ያንን ጭስ ነጥብ በነጥብ ለቅማ የምታወጣው ሊዩን ናት። ዘጠኝ ዓመት የኮምፒውተር ስክሪን ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸች ነጥብ ስትፈልግ ስለኖረች ዓይኗ ለጉድ ነው። እኔ የዶክትሬት ወረቀቴን ይዤ ያላየሁትን እሷ ሻይዋን ፉት እያለች ታየዋለች። ይህን ለማመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ትዕቢት አለብኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሊፈርስ የተወሰነበትን አሮጌ የወታደሮች ሰፈር ስንለካ የመጨረሻው ቤት የአባባ ጎንግና የባለቤታቸው የእማማ ጻይፈንግ ነበር። አባባ ጎንግ የሠራዊት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እንግዳ አፉ ባዶ ሆኖ ሲቆም ማየት አይሆንላቸውም። ስካነሩ አንድ ክፍል እስኪለካ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሰዓት ማንም ክፍሉ ውስጥ መኖር የለበትም። እሳቸው ግን የተቆራረጠ የዘይቱን ፍሬ በሰሃን ይዘው እኛን ፍለጋ ይገባሉ። ጨረሩ ሲዞርባቸው ደግሞ ማሽኑን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ወደ ጥግ ይሸሻሉ።

«አባባ፣ ኧረ ውጭ ይሁኑልን» አልኳቸው።

«እኔ እኮ እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው ዳር ዳሩን የምሄደው።»

ከአራቱ ክፍል ያልገቡበት የለም። ሊዩን እሳቸውን ለመጥረግ አራት ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ ቤቱ ጥርት አለ፤ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሉዎ ጥናቱን ሲያቀርቡም ያሳዩት ያንን ቤት ነበር። ሊዩን በሥራዋ ኮርታ ለሁላችንም የወተት ሻይ ጋበዘች።

ሰፈሩ ፈረሰ። አባባ ጎንግ አዲሱ ቤታቸው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ስምንት ወር ኖረው አረፉ።

እማማ ጻይፈንግ አንድ ካርቶን የአናናስ ኬክ ይዘው ብቻቸውን ላቦራቶሪያችን መጡ። የድሮ ቤታቸውን ማየት ፈልገው ነው። መነጽሩን አጠለቅኩላቸው። ወጥ ቤቱን አዩ፤ መኝታ ቤቱን አዩ፤ ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«በጣም ንጹሕ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ እማማ» አልኩ እንደ ቂል።

«ሽማግሌውስ?»

መነጽሩን ላስተካክልላቸው ተጠጋሁ።

«ያን ዕለት ቤት ነበር እኮ። የት አደረጋችሁት?»

ሰው እንደማናስቀር፣ የሥራው ደንብ እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» አሉና መነጽሩን አውልቀው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ጎንበስ ብለው አመስግነው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊዩን ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ የጠረግኳቸው» አለች። «ይባስ ብዬ ሻይ ጋብዤበታለሁ።»

«ሥራሽ ነው እትዬ።»

«ያልተጠረገው ዋናው ልኬት አለ?»

የለም። ዲስኩ ሲሞላ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ስነግራት አየት አደረገችኝና «የኔ ውድቅስ?» አለች።

ፋብሪካ ሳለች የተበላሸ ስክሪን አይጣልም ነበር፤ ቀንና ስም ተጽፎበት ተቆጣጣሪ እስኪያየው ድረስ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እሷም ያንን ልማድ ይዛ መጥታ፣ የምትጠርገውን ነጥብ ሁሉ «ውድቅ» የሚል ፋይል ውስጥ ከነቀኑ ከነስሟ ታስቀምጣለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያልኩ ስንት ዓመት ቀልጄባታለሁ። ዲስኩን ሳጸዳ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቻት፣ የሷን ፋይል አልነካሁትም።

ከፈትነው። አባባ ጎንግ እዚያ ነበሩ፤ አንድ ትከሻ፣ ግማሽ ጀርባ፣ ሰሃን የያዘ ክንድ፣ ነጠላ ጫማ። ፊት ብቻ የለም። ሁልጊዜ ሲሸሹ ነበርና ጨረሩ የደረሰባቸው ከኋላና ከጎን ነው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ሊዩን ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ነጥብ ወደየቦታው መለሰች። ነጥቦቹ የተለኩበትን ሰዓት ይዘው ስለሚቆዩ፣ እኔ በየተራቸው ብቅ እንዲሉ ፕሮግራም ጻፍኩላት። አባባ ጎንግ መራመድ ጀመሩ። ፕሮፌሰር ሉዎ ከፎቶግራፍ ፊት ሠርተን እንግጠምላቸው ሲሉ ሊዩን «ባለቤትየዋ ይጠየቁ» አለች።

እማማ ጻይፈንግ ሲመጡ ቀድማ ያናገረቻቸው እሷው ናት። «እማማ፣ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ፊታቸው ግን የለም፤ ከፈለጉ ከፎቶ ይሠራል።»

«መጀመሪያ ልየው።»

መነጽሩን አጥልቀው ከላቦራቶሪው ባዶ አዳራሽ መካከል ቆሙ። እኔ በስክሪኑ የሚያዩትን አያለሁ። አባባ ጎንግ ከወጥ ቤት ወጥተው፣ ሰሃናቸውን ይዘው፣ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳውን ታከው መጡ።

እማማ ጻይፈንግ ሳቁ። «አያችሁት? አርባ ስድስት ዓመት እዚህ ኮሪደር ላይ በተገናኘን ቁጥር መንገድ የሚለቀው እሱ ነው። አንቺ ወፍራም ስለሆንሽ ነው እያለ ያበሽቀኝ ነበር።»

«እማማ፣ ፊት ይሠራላቸው?» አለች ሊዩን።

«ተይው ልጄ። ፊቱንማ አውቀዋለሁ።»

ሽማግሌው እየቀረቡ መጡ። እማማ ጻይፈንግ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ግድግዳውን ፈለጉ፤ በመነጽሩ ውስጥ አጠገባቸው ነው። «እለፍ፣ እለፍ» አሉ። «ዛሬ እኔ ልልቀቅልህ።» ከዚያ ሊደገፉ ወደ ኋላ አሉ።

ከኋላቸው ግድግዳ የለም። ሊዩን ወንበሯን ገፍትራ ሮጠችና ከጀርባቸው ቆመች። እማማ ጻይፈንግ ተደገፉባት፤ ግድግዳው መሰላቸው። ሽማግሌው አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ሊዩን አልተነቃነቀችም።