ሦስት የተዘለሉ ገጾች

ካሰች የከተማችን አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ስትወለውል፣ መድረክ ስትጠርግ ኖራለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሰው ደራሲውንና ተዋናዩን እንጂ ጥራጊ የምታፍሰውን ሴት አያውቃትም። ደብረ ታቦር ላይ አዲስ ቴአትር የጻፈ ልጅ ግን አስቀድሞ የሚፈራው እሷን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በልምምድ ነው። ልጆቹ መድረክ ላይ ሲለማመዱ እሷ ከኋላ ትጠርጋለች። የሚባለው ነገር እውነት ሲመስላት መጥረጊያዋ ይቆማል፤ ውሸት ሲመስላት ይፈጥናል። ይህን ቀስ በቀስ ደረሱበት። ዳኛቸው የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከቤቷ ስለ ተባረረች አንዲት ባልቴት ጽፎ ነበር። ባልቴቲቱ ደጅ ቆማ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ፍትሕ ትናገራለች። ካሰች ተዋናዮቹን እስኪያስነጥሳቸው ድረስ አቧራውን አስነሣችው። ዳኛቸው ተናደደና ምን እንዳልጣማት ጠየቃት።

«ሴትዮዋ ዕቃዋ የት አለ?» አለችው። «ደጅ የተጣለች ሴት መጀመሪያ ድስቷን ከዝናብ ታስገባለች። ፍትሑን ኋላ ትደርስበታለች።»

ሳምንት አኮረፋት። ከዚያ ባልቴቲቱን ድስትና የመኝታ ጀንዲ አሸክሞ መጣ፤ ንግግሩም ወደ አራት መስመር ወርዶ ነበር። በታየ ቀን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድብ አራቱም መስመር አልተሰማም። ሕዝቡ ግን ሴትዮዋ ድስቷን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቶ አለቀሰ።

ስታደንቅም እንደዚሁ ነበረች፤ ቃል አታበዛም። ከዓረብ አገር የተመለሰች ሂክማ የምትባል ልጅ ስለ ቤት ሠራተኛ አንድ ቴአትር ጻፈች። ተዋናይቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ትንጎዳጎዳለች፣ አንድ ጊዜም አትቀመጥም። ካሰች ወንበር ቢሰጧት እምቢ ብላ ቆማ አየችው። ስትወጣ ሂክማን ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ እግሬን አሳመምሽኝ፣ ጎሽ ብላት ሄደች። ሂክማ ያን ቃል እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ካሰች ማንበብ አትችልም። የጎልማሶች ትምህርት አብረን ነበር የጀመርነው፤ እኔ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እሷ በሁለተኛው ወር፣ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ውዬ ማታ ደግሞ ለፊደል ልጎንበስ ወይ ብላ ተወችው። እኔ ቀጠልኩ። ስለዚህ ልጆቹ አዲስ ጽሑፋቸውን ለእኔ ይሰጡኛል፣ እኔ ለእሷ አነብላታለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ፊደሉ ከአፌ ይወጣል፣ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ይደርሰኛል። ካሰች ይህ አይከፋትም፤ ቶሎ የሚያነቡ ሰዎች ውሸቱን ያሳልፉታል ትላለች።

ሁለት ልጆች አሏት። ታላቂቱ የምስራች ወረታ መንገድ ላይ ትዳር ይዛ ትኖራለች። ታናሹ አለምነው ባለፈው ዓመት ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከቤት ወጣ። አብሮት የሄደው ፈይሰል ነው፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ እሱም ቴአትር ይጽፋል። ሁለቱ እኛ ደጅ ላይ አብረው ጭቃ ሲያቦኩ ያደጉ ናቸው። ሰኔ ላይ ፈይሰል ብቻውን ተመለሰ። ባሕሩ ዳር ተለያየን፣ እሱ ቀድሞኝ ተሻገረ አላት። ካሰች ስልክ ትጠብቅ ጀመር።

ጥቅምት ላይ ፈይሰል አዲስ ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ስፌት በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ከሰዓት ካሰች ምስር በሰፌድ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። እሷ ምስሯን ትለቅማለች፣ እኔ አነባለሁ።

ጽሑፉ ሁለት ጓደኛሞች በጭነት መኪና ተሳፍረው ሩቅ አገር ሲሄዱ ነው። መኪናው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። የሚያወሩት ደስ ይላል፤ አንዱ ሌላውን በእንቅልፉ ያንኮራፋል ብሎ ያሾፍበታል፣ ያኛው ደግሞ የጓደኛውን እግር ሽታ ይረግማል። ካሰች ሳቀች። ከዚያ የሞላ ወንዝ ዳር ደረሱ። ንፋስ አለ። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ እንዲህ አነበብኩ፦ አንደኛው ከኪሱ ጥጥ አወጣ፣ ግራ ጆሮውን ደፈነና፣ ንፋሱ ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የሚገባብኝ አለ።

አንብቤ ከጨረስኩት በኋላ ነው የገባኝ። አለምነው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግራ ጆሮው ይፈሳል። እናቱ ዘይት አሙቃ በጥጥ ትደፍንለት ነበር፤ አድጎም ጥጥ ከኪሱ አይጠፋም። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ይቀልድበት ነበር።

ዓይኔን ወደ ታች ሰደድኩት። ወንዙ፣ ጩኸቱ፣ አንድ እጅ። ከዚያ በታች አልደፈርኩም። ዓይኔን ደክሞኛል አልኳትና ውኃ ጠጣሁ። ስመለስ ሦስት ገጽ ገልብጬ፣ አንደኛው ጓደኛ አገሩ ገብቶ አንድ ደጅ ላይ ከቆመበት ጀመርኩ። ልግባ አልግባ ይላል። ድምፄን ለማስተካከል ታገልኩ።

የምስሩ ድምፅ ቆመ።

«እትዬ፣ ገጽ ዘለሉ» አለችኝ።

አልዘለልኩም አልኳት። እሷ ሰፌዱን ከጉልበቷ አወረደች። አልተቆጣችም፤ ለዳኛቸው ስትነግረው እንደነበረው ነው የነገረችኝ። ሁለት ሆነው ወንዝ ዳር ደርሰዋል፤ አሁን አንዱ ብቻውን ነው፣ ደግሞ ደጅ መርገጥ ፈርቷል። ደራሲ ሰውን ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ ደጅ አያስፈራውም አለች። ፈይሰል ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ትቶ የሚያልፍ ልጅ አይደለም። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጆሮውን የሚያመው ነው የሞተው?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ። «ያንብቡት» አለችኝ። እምቢ ብል ወረቀቱን ይዛ ሌላ ሰው ዘንድ እንደምትሄድ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው ከሚያነብላት እኔ ላንብበው ብዬ መለስኩት።

ሦስቱን ገጽ አነበብኩ። መኪናው ወንዙ መሀል ተገለበጠ። ጓደኛው እጁን ያዘው። ልጁ ውኃው ወደ አፉ እየገባ ስለ እናቱ ረጅም ነገር ይናገራል፤ ስላጎረሰችው፣ ስላዘለችው፣ ይቅር በይኝ፣ አታልቅሺ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሁለት ጊዜ መስመር ስቼ ተመለስኩ። ካሰች ዓይኗ ደርቆ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ይህ ውሸት ነው» አለች።

ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረግኩ። ልጄ አልሞተም ማለቷ መሰለኝ። ለካ ንግግሩን ማለቷ ኖሯል። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

ፈይሰል ገበያው ዳር አንድ በረንዳ ላይ ነው የሚሰፋው። ሲያየን እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጫ ለቀቀ። ካሰች ፊት ለፊቱ ቆመች። ለምን ደበቅኸኝ አላለችውም፤ ማን ነገረዎት ሊላት አፉን ሲከፍት አስቆመችው።

«ሲሞት ምን አለ?»

ልጁ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጨርቁ አየ።

«ምንም አላለም፣ እማ ካሰች።»

«ምንም?»

«ጀልባዋ ስትገለበጥ እጁን ይዤው ነበር። ከዚያ እጄ ላይ አልነበረም። ጨለማ ነው፣ ሰው ይጮሃል። እሱ ሲጮህ አልሰማሁትም።»

«ታዲያ ለምን ያን ሁሉ አስወራኸው?»

«ለአንቱ ብዬ ነው።»

አጠገቡ ሌላው ሰፊ መኪናውን ያንኳኳል፣ ምንም አላወቀም። «አውጣው» አለችው በመጨረሻ። «ልጄ እንዲህ አይናገርም። ደግ ነው እንጂ አፉ አይፈታም። ዝም ብሎ ይሙት።»

ፈይሰል ያኔ ነው የቀረውን የነገረን። ሰኔ ላይ በተመለሰ በሳምንቱ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ሙላቴ ተናግሮ ነበር። እሳቸውም ሽማግሌ ሰብስበው መክረው መርዶው ይቆይ ብለዋል። የምስራች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ድንጋጤ ያስወርዳታል ብለው ፈሩ። ከዚያ ወለደች፤ አሁን ደግሞ አራስ ናት፣ ሐዘን ወተቷን ያደርቀዋል፣ ሴት ልጅ ናትና ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሣና እንነግራለን ብለው ቀጠሩ። ለእኔ ያልነገሩኝ ፊቴ አይደብቅም ብለው ነው። ፈይሰል ግን ካሰችን በየቀኑ አዳራሹ ውስጥ ያገኛት ነበር፤ በየቀኑ ስልክ አልደወለም ወይ ትለዋለች። ይህን አልቻለም። ጻፈው። ባሕሩን ወንዝ፣ ጀልባዋን መኪና አደረጋት። ጽሑፉን ለካሰች ባያሳይ ትጠረጥራለች፣ አዲስ ቴአትር ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ ነውና። ጥጡን ለምን እንደተወው ስጠይቀው፣ ጥጡን ካወጣሁት እሱ አይሆንልኝም አለኝ።

የሕፃኗ አርባ ሰባተኛ ቀን ነበር። ሠላሳ ሦስት ቀን ይቀራል።

ካሰች መንገድ ላይ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፣ እኔም ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ወደ አፏ ጠቅልላ ነከሰችው። እንዲያ ሆና መሸ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። በማግስቱ ፊቷን ታጥባ፣ አጥሚት የሚሆን እህል ይዛ፣ የምስራች ዘንድ አብረን እንሂድ አለችኝ። ለብቻዬ ብሄድ ልወድቅ እችላለሁ አለች።

በእነዚያ ሠላሳ ሦስት ቀናት ያየሁትን መድረክ ላይ አላየሁም። ካሰች ሕፃኗን ታጥባለች፣ ትዘፍንላታለች፣ አፍንጫዋ የአባቷ ነው እያለች አማቿን ትተርባለች። የምስራች ከልቧ ትስቃለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ። አንድ ቀን የምስራች እያጠባች፣ አለምነው ደወለ ወይ ብላ ጠየቀች። ካሰች የሕፃኗን ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። እጇ አልቆመም።

«ሥራ ገብቷል አሉ» አለች። «ስልክ አይፈቀድላቸውም መሰለኝ።»

ስንወጣ መንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነገረችኝ፦ «ቻልኩበት።» እንደ ትዕቢት አልነበረም። እንደ በሽታ ነው የነገረችኝ።

ክርስትናው እሑድ ሆነ። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል አቶ ሙላቴና የዕድሩ ሰዎች፣ ሁለት ቄስና የፈይሰል አባት ተሰብስበው የምስራች ቤት ሄዱ። ካሰችንም እዚያ እንድታድር አድርገዋት ነበር። አቶ ሙላቴ ቆመው የሚባለውን አሉ። የምስራች ስትወድቅ ሕፃኗን የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ካሰች ያን ጊዜ ጮኸች። ያን ሁሉ ቀን ነጠላ ስትነክስበት የኖረችው ጩኸት ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ ወደ ደጅ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ያየ ሰው ያን ጊዜ የሰማች እንጂ አስቀድማ ያወቀች አይላትም።

በሠልስቱ ግን ራሷ ለልጇ ነገረቻት። ማንም አላስገደዳትም። ዝም ብትል ኖሮ የምስራች አታውቅም ነበር። ደብቄ መኖር አልችልም ብላ ነው፤ የተዘለሉትን ገጾች፣ በረንዳውን፣ የቆጠረቻቸውን ቀኖች ሁሉ ነገረቻት። የምስራች እስከ መጨረሻ ሰማቻት።

«ወንድሜ ሞቶ እየሳቅሽልኝ ነበር?» አለቻት። «እኔም እየሳቅኩ?»

ካሰች ወተትሽን ብዬ ነው አለች። የምስራች ሕፃኗን ከእናቷ ጉልበት ላይ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቴአትሩ ጥር ላይ ታየ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ አሁን አሁን ከመሸ ሰው ከቤቱ አይወጣም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፈይሰል ንግግሩን አውጥቶታል። ተዋናዩ ጥጡን ጆሮው ላይ አደረገ፣ መኪናው ተገለበጠ፣ እጁ ከጓደኛው እጅ ወጣ፣ ያለ ድምፅ ከመድረኩ ጠፋ። የቀረው ልጅ ባዶ እጁን ይዞ ቆመ። ቆየ፣ በጣም ቆየ። ሰዎች ይቁነጠነጡ ጀመር። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ተዋናዩ ቃሉን ረሳው ብሎ ሳቀ።

ካሰች ዞር ብላ አየችው። «አልረሳም» አለችው በዝግታ። «እንደዚሁ ነው የሆነው።» ሰውዬው ማን እንደሆነች አላወቀም፣ ግን ሳቁን ተወ።

አጠገቧ ለየምስራች ብላ የያዘችው ወንበር እስከ መጨረሻ ባዶ ነበር። የምስራች በእኔ በኩል መልስ ልካ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሠላሳ ሦስት ቀን ነው የፈጀው ብላለች። ይህን ለካሰች አልነገርኳትም። ሕፃኗን ጉንፋን ይዟታል አልኳት። ካሰች ፊቴን አየችና ወደ መድረኩ ተመለሰች።