ከመጽሐፉ ማዶ

ወረታ ላይ መርፌ የምትወጋዋን ሸጌን የማያውቅ የለም። እጇ ቀላል ነው፣ መርፌው ሲገባም አይሰማም ይሏታል። ይቺው ሸጌ በልጅነቷ «ድንጋይ ራስ» ተብላ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ለጥቂት እንደተረፈች ቢነግሯችሁ ግን አታምኑም። እኔ ልንገራችሁ።

የቁሐር ሚካኤል ልጅ ናት። አጎቷ መሪጌታ በላቸው ወንድሞቿን ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ሰብስበው ዳዊት ሲያስነብቡ፣ እሷ ታናሿን ታቅፋ ከፊት ለፊታቸው ትቀመጥ ነበር። መጽሐፉ አንድ፣ ፊቱም ወደ ወንዶቹ። ለሴት ልጅ መጽሐፍ የሚያዞር ማን አለና! እሷም ፊደሉን ካለችበት፣ ከማዶ ሆና ለቀመችው። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ማረው ንባቡ ላይ ሲደናበር፣ ሸጌ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አነበበችለት። መሪጌታ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አለኸኝ፣ ይቺን ልጅ አስኳላ ስደዳት። ያለዚያ ኃጢአቷ ባንተ ነው» አሉት አባቷን።

አለኸኝ እሺ አለ። ሜዳው ላይ የተኛው የክረምት ውኃ ሸሸት ሲል ወረታ ወስዶ እህቱ ማናዬ ቤት አስቀመጣት። ሸጌ እየፈነደቀች ነው የሄደችው፤ እኔ አንባቢ ነኝ ብላ!

በመጀመሪያው ቀን መምህር ጎበዜ መጽሐፍ ሰጧት። መምህር ጎበዜ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቁጣቸው ብቻ ይቀድማቸው ነበር። ሸጌ መጽሐፉን እንደለመደችው ራሱን ወደ ታች አድርጋ ያዘችውና ልታነብ አፏን ከፈተች። ቃል ሳይወጣት ጣቷን በአለንጋ ቸብ አደረጓት።

«መጽሐፍ መያዝ እንኳ አታውቂም?» ብለው አቃኑት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

የተቃናው መጽሐፍ ለሸጌ ባዕድ ሆነባት። ፊደሎቹ የምታውቃቸው ይመስሏትና ሲቀርቧት ሌላ ይሆናሉ። ሰሌዳውም እንደዚያው። መልሳ እንዳትገለብጠው አለንጋው አለ። «ያ ዋርካ ሥር የነበረው ንባብ አልነበረም» አለች በልቧ። «መሪጌታ ለዘመድ አድልተው ነው እንጂ እኔ ድሮም አላውቅም።»

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? የሸጌ ከትምህርት ቤት ወጣና ጎረቤቱ ተከተለው። ልጆቹ «ድንጋይ ራስ» አሏት፤ የማናዬ ጎረቤቶች ተቀበሏቸው። ይባስ ብሎ እንስራ በሰበረች ቀን ሸጌ ራሷ «አንቺ ድንጋይ ራስ!» እያለች ራሷን ስትሰድብ ተሰማች። ኧረ አንጀት ይበላል!

ታኅሣሥ ላይ ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ። ያን ሰሞን ደግሞ ሸጌን ለጥር ሠርግ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ቤቱን እየተመላለሱበት ነበር። ለገበያ ሲመጣ ልጁን ለብቻዋ ጠራት።

«እውነት ትምህርቱ አልሆነልሽም?»

«እኔ ደደብ ነኝ፣ አባዬ። ወደ ቤት ይውሰዱኝ» አለች። አታለቅስም እንኳ፤ ቅስሟ ተሰብሯል።

«እንግዲያ በሚመጣው ገበያ እወስድሻለሁ። ለሽማግሌዎቹም ቃሌን እሰጣለሁ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ መምህር ጎበዜ ጠረጴዛቸው ፊት አቁመው ይቆጧት ጀመር። መጽሐፉ እሳቸው ፊት ተዘርግቷል። ሸጌ አንገቷን ደፍታለች፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ የሚያየው ከታች ያለውን ነው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ምን ታጉረመርሚያለሽ? ትሰድቢኛለሽ?»

«ኧረ አልተሳደብኩም፣ ጋሼ! ‹በሬው ጠግቦ ከጥላው ሥር ተኛ› ይላል» አለች።

መምህሩ መጽሐፉን አዩ። እውነትም ይላል። ገጹን ገለጡ፤ አነበበችው። ሌላም ገለጡ፤ አንበለበለችው። መጽሐፉን ወደሷ አዞሩት፤ ጭጭ አለች። መልሰው ወደ ራሳቸው ቢያዞሩት እንደገና አንበለበለችው።

«እንዴ! ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ማንም። ወንድሞቼ ሲማሩ ከፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር።»

ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን ትዝ አለቻቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። «ያዢው እንዳሻሽ፣ ልጄ። ቀስ እያልን እናቃናዋለን» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸጌ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ታነብ፣ ትንሽ ትንሽ እያለችም ወደ ጎን ታዞረው ጀመር። መጽሐፍስ ይዞራል፤ የሰው ልብ ነው እንጂ የሚያስቸግረው። መምህሩ «እሰይ!» ባሏት ቁጥር «ገምቼ ነው» ትላቸው ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰና አለኸኝ መጣ። መምህሩ ነገሩን ሁሉ አጫወቱት። እሱ ግን ወደ ልጁ ዞረ።

«የሳቸውን ሰማሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ? ሽማግሌዎቹ ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።»

ሸጌ «ገምቼ ነው» እንዳትል የጥር ሠርግ ደርሷል፤ ሌላ እንዳትል ራሷን አታምንም። አባቷ ዱላውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሊሄድ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ደደብ አይደለሁም» አለች።

አለኸኝ ደሙ ፈላ። መምህሩ ላይ አፈጠጠ። «ማነው ልጄን ደደብ ያላት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሸጌ። «ሁለተኛ አልልም።»

አለኸኝ ግንባሯን ስሞ፣ ለሽማግሌዎቹ እንቢታውን ሊነግር ብቻውን ወደ ቁሐር ተመለሰ።