ሐያት ቀበቶ ያሰረችበት ሐሙስ

ከሰፈራችን ከራውዳ ተነስቶ የመኪና መስታወት ገዝቶ መመለስ ጉዞ ተብሎ ሊጻፍ ይገባዋል? እኔም እጠራጠራለሁ። ግን የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝና ያየሁትን በጥንቃቄ ልንገራችሁ።

ከዓስር ሶላት በኋላ ወጣን። የእህቴ የሐያት ባል ኑረዲን ይነዳል፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሐያት ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ሐያት ቀበቶ አላሰረችም፤ መኪናውም አልጮኸም። ኑረዲን ከዲራ ገበያ ቀበቶ የሌላት የብረት ምላስ ገዝቶ፣ መኪናው ቀበቶ የታሰረ እንዲመስለው ማሰሪያው ውስጥ ሰክቷል።

«ኑሬ፣ ይሄ አደገኛ ነው» አልኩት።

«ቀበቶው ልጄን ይጫንብኛል። ደግሞ ኤርባግ አለላት፣ ኸላስ፣ በቃ!»

«ኢንጂነሯ ሳትመረቅ ልትቀጣን ነው» ብላ ሐያት ሳቀች።

ተሽሊህ

ከከተማው በስተደቡብ፣ የተጋጩ መኪኖች ተፈታተው የሚሸጡበትን ሰፈር ተሽሊህ ይሉታል። በር በበር ላይ ተከምሯል፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ መስታወቱን በአርባ ሪያል ሊሰጠን ተስማማና ከአንድ ነጭ መኪና ላይ ይፈታ ጀመር። እኔ ወደ ውስጥ አየሁ።

መሪው ላይ ኤርባጉ ባዶ ከረጢት ሆኖ ተንጠልጥሏል። የሹፌሩ ቀበቶ በግጭቱ ቅጽበት ተጠቅልሎ ከወንበሩ ጋር አጥብቆ ይዞት፣ ደረቱን እንዳይሰብረው ደግሞ ጥቂት ለቆለታል። ኤርባጉም ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ ተነፍቶ ፊቱን ተቀብሎ፣ ወዲያው በቀዳዳዎቹ ተንፍሷል። መያዝን ብቻ ሳይሆን መልቀቅንም ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!

በሹፌሩ ጎን ባለው ወንበርም ኤርባጉ ተነፍቷል። ቀበቶው ግን ሳይነካ ተሰቅሏል፤ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ተመትቶ ተሰነጣጥቋል። ማሰሪያው ውስጥ እንደ እኛው ያለ ምላስ ተሰክቷል።

ኑረዲንም አየው። «ሰዎቹስ?»

«ሹፌሩ በእግሩ መጥቶ ነው የሸጠልኝ፣ ወንድሜ። ከጎኑ ስለነበረችው...» ሰይድ መፍቻውን አስቀመጠ። «እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።»

ኑረዲን ወደ መኪናችን ሄዶ ምላሷን ነቀለ። የሰይድን መዶሻ ተውሶ ቀጠቀጣት።

«ምነው፣ እሸጥልህ ነበር እኮ!» አለ ሰይድ።

«ለዚህ ነው የቀጠቀጥኳት።»

ለሐያት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋሁላት። የታችኛውን ቀበቶ ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል አሳለፍኩ። ኤርባግ ቀበቶ ይዞ ያቆየውን ሰው እንደሚቀበል፣ ያልታሰረውን ግን ገና ሲነፋ ሊመታው እንደሚችል አስረዳኋቸው።

ሐያት ሆዷን ዳሰሰች። «ተጫነህ እንዴ?» ትንሽ አዳመጠች። «አልተጫነኝም ይላል። ያላ፣ ንዳ!»

መመለሻ

ራውዳ እስክንደርስ ኑረዲን በየመብራቱ ቀበቶዋን ያይ ነበር። ቀበቶውና ኤርባጉ አንድ ላይ ካልሠሩ አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ ከመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ በዚያ ሐሙስ ግን አየሁት።

ጉዞው ግን በዚያ አላበቃም። ከሁለት ወር በኋላ ሐያት ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ ሕፃኑ ከኋላ በራሱ ወንበር ታስሮ ነበር። ኑረዲን ማሰሪያውን ደጋግሞ ፈተሸ።

«ኢንጂነሯ፣ ልንዳ?»

«ንዳ» አልኩት።

ሦስት ሆነን የወጣንበት ጉዞ አራት ሆነን ቤት ስንገባ አለቀ፤ ያም ቀን እንደገና ሐሙስ፣ በሂጅራ አቆጣጠር ሻባን ሃያ ሰባት ነበር።