ጭቃ ከጋቢና አይታይም

አጎቴ ጭቃ ባዩ ቁጥር «አቁም» ይሉኝና ከጋቢና ይወርዱ ነበር። መሬቱን በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው ሲመለሱ፣ «ጭቃ ከጋቢና አይታይም» ይላሉ። ሰሊጥ ጭነን ከአብደራፊ ስንመለስ ይህ ልማዳቸው ያሰለቸኝ ነበር።

የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የመኪናችን ዲፈረንሻል የተሰበረ ጊዜ እሳቸው ሎክ ያለው ይገዛ አሉ። አዝራሩ ሲጫን ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ይቆልፋል፤ አንዱ ቢንጠለጠል እንኳ ሌላው ይጎትታል። እኔ ግን መንሸራተትን በራሱ የሚቀንሰውን፣ አዝራር የማይፈልገውን ወደድኩ። አስፋልት ላይ ይመቻል።

«ጋሼ፣ ሎክ እኮ የድሮ ነገር ነው» አልኳቸው።

«መንገዱም የድሮ ነው፣ ልጄ» አሉና ምርጫውን ለእኔ ተዉልኝ፤ የወደድኩትን ገዛሁ።

በዚህ ክረምት አረፉ። አስከሬናቸውን ከመተማ ዮሐንስ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ቤተ ክርስቲያን በዚያው መኪና የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከጎኔ ያለው መቀመጫቸው ባዶ ነበር፤ አቁም የሚለኝ አልነበረም። መንገዱን የሸፈነው ጥቁር የዋልካ ጭቃ ውስጥ ሳልወርድ ገባሁ። አንዱ የኋላ ጎማ ቦይ ላይ ተንጠለጠለ። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር እሱ ብቻ በባዶው እየተሽከረከረ የለቀስተኛውን ነጠላ በጭቃ ረጨው። ሌላው ጎማ ንቅንቅ አላለም።

አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ወንዶቹ ሣጥኑን አውርደው በትከሻቸው ተሸከሙና በአጠገቤ አለፉ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

የአጎቴ ባለቤት በጭቃው ውስጥ መጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ውረድ እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።