እህቴ ያላስተረጎመችው ቃል

መጀመሪያ ያየሁት የእህቴን ፀጉር ነው። ከግራ ጆሮዋ በላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ተራቁቶ ነበር። እናቴ ቆረቆር መስሏት ቅባት ቀባቻት። ቀጥሎ ሆዷን አመማት። ከዚያ ምሳዋን ሳትነካው ከትምህርት ቤት ይዛ መመለስ ጀመረች።

እህቴ ፌቨን አሥር ዓመቷ ነው። ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን ኢምባካሲ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት እንኖራለን። ናይሮቢ ስንገባ ፌቨን ገና ሦስት ዓመቷ ስለነበር ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም እንደ ልጆቹ ትናገራለች። እናቴ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ስናገር ግን እንተባተባለሁ፤ ስዋሂሊዬም ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ከማስቆም አያልፍም። ስለዚህ በስደተኞች ቢሮም ሆነ በክሊኒክ የምትናገርልን እሷ ነበረች። "የኛ ጠበቃ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። የቤተ ክርስቲያን እናቶችም ይዋሷታል። "ፌቩዬ፣ ነይማ የኔ እናት፣ ዶክተሩ ጋ አንድ አፍታ አብረሽኝ ግቢ።" ትገባለች። ጎበዝ ናት እንላለን።

ሰገራዋ ተመረመረ፤ ጃርዲያ የለም። የጨጓራው ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪም፣ ኔጋቲቭ ሆነ። አልትራሳውንዱም ምንም አላሳየም። በየምርመራው ሐኪሞቹ የሚሉትን ለእናቴ የምትነግራት ራሷ ታማሚዋ ነበረች። ይህ አላስገረመኝም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ሌላው የማያየውን አያለሁ ብዬ አምን ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ጸለዩላት። ለጸሎቱ አመሰግናለሁ። አንዲት ሴት ግን "እምነት ካለሽ አትፈሪም፣ ልጄ" አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ፌቨን ፈራሁ ማለት አቆመች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን መቆለፍ አቃታት። ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ነጣ። "ልሞት ነው" አለች። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያዝኳት። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ድንገተኛ ክፍል ኢሲጂ ተነሣች። ልቧ ደህና ነው፣ ይህ ፓኒክ አታክ የሚባል ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ነው አሉን። ወደ ልጆች ሳይኮሎጂስት ላኩን።

ሳይኮሎጂስቷ በቅድሚያ የጠየቀችው ማን እንደሚያስተረጉም ነበር። እናቴ ወደ ፌቨን ጠቆመች። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታካሚ ለራሷ አታስተረጉምም" አለችና ለቀጣዩ ቀጠሮ አንዲት ሐበሻ አስተርጓሚ አስጠራች። ከፌቨን ጋር ሁለት ጊዜ ብቻቸውን ተነጋገሩ። በሦስተኛው እኛንም አስገባችን።

"ፌቨን የምትነግራችሁ ነገር አለ" አለች በአስተርጓሚዋ በኩል። "ማንም እንዳይቆጣት ቃል ግቡልኝ።"

ፌቨን ጫማዋን እያየች ተናገረች።

"እማዬ፣ ያ ጡትሽ ላይ ያለው እብጠት… ያኔ ያየችሽ ዶክተር ናሙና ተወስዶ ባዮፕሲ መሠራት አለበት ብላ ነበር። ካንሰር ሊሆን ይችላል አለች። እኔ ግን ምንም አይደለም፣ ይጠፋል አለች ብዬ ነገርኩሽ።"

"ለምን፣ የኔ ልጅ?"

"ልታለቅሺ ነበራ።"

አራት ወር አልፎ ነበር።

እናቴ አላለቀሰችም። ሳበቻትና እቅፍ አደረገቻት። ከክፍሉ የወጣሁት እኔ ነኝ። ለእብጠቱ ክሊኒክ የሄዱ ቀን እናቴ "አብረኸን ና" ብላኝ ነበር። "ፌቨን ትበቃለች" ብዬ ቀረሁ።

ባዮፕሲው ተሠራ። ካንሰር ነው። ደረጃ ሦስት። "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይሻል ነበር" አለን ሐኪሙ። እውነቱን ስለነገረን አልቀየምኩትም። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ መሸከም አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለውን ለፌቨን አልነገርናትም። እሷ ግን ራሷ ደረሰችበት።

"እኔ ነኝ ያባባስኩባት?" ብላ ሳይኮሎጂስቷን ጠየቀቻት።

"ካንሰሩን አንቺ አላመጣሽውም። ያ ቃል መጀመሪያውኑ ለአንቺ ሊነገር አይገባም ነበር። ጥፋቱ የኛ የትልልቆቹ ነው።"

ፌቨን እሺ አለች። እንዳላመነች ግን ከፊቷ ያስታውቃል።

የሷ ሕመም አንዛይቲ ዲስኦርደር፣ የጭንቀት ሕመም፣ ይባላል። በየሳምንቱ ወደ ሕክምናው እየሄደች ቀስ ብላ መተንፈስ፣ የሚያስፈራትን ነገር በስሙ መጥራትና ከትንሹ ጀምራ መጋፈጥ ትማራለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስም ሩብ ሰዓት ያህል አጠገቧ ቁጭ እልና የተጨነቀችበትን ሁሉ እስክትጨርስ ሳላቋርጣት፣ "አይዞሽ፣ ምንም የለም" ሳልል እሰማታለሁ። ምሳዋን አሁን ትበላለች። በጭንቀቱ የሳሳው ፀጉሯም ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። እናቴ ከኬሞቴራፒ ተመልሳ ባስመለሳት ሳምንት ግን ከፌቨን ቀኝ ጆሮ ኋላ አዲስ የተራቆተ ቦታ አየሁ። እናቴ ትድናለች ብዬ ልነግራት አልችልም። አላውቅማ። "የምናውቀውን ሁሉ እንነግርሻለን፣ አንደብቅሽም" እላታለሁ። ያለኝ ይኸው ነው።

ባለፈው የእናቴ ቀጠሮ አስተርጓሚዋ ዘገየች። የቸኮለች ነርስ ወረቀት ይዛ ቀጥታ ወደ ፌቨን ዞረች። መሀል ገባሁና በስዋሂሊ "ለእኔ ንገሪኝ" ለማለት ሞከርኩ። ምን እንዳልኩ እንጃ፣ ነርሷ በሳቅ ፈረሰች።

"ወይኔ! በጌታ ዝም በል፣ አሳፈርከን!" አለች ፌቨን፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም።

እንደኛ በሰው አገር ለምትኖሩ፣ ቋንቋውን ከናንተ ቀድሞ የተማረ ልጅ ላላችሁ ነው ይህን የጻፍኩት። የሆድ ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ አስመርምሩት። ምርመራው ባዶ ከሆነ ደግሞ ልጁ ምን ተሸክሞ እንደሚውል ጠይቁ፤ እናንተን ከሐዘን እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ከናንተ ውጭ የሚያናግረው ሰው ፈልጉለት። ያቺን ሳይኮሎጂስትና አስተርጓሚዋን ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጥሩልን በሉት። ከሌለ ቋንቋውን ለሚያውቅ ትልቅ ሰው ደውሉና ስልኩን ለሐኪሙ ስጡት። እሱም ካልተገኘ በተሰባበረ ቋንቋችሁ እናንተው ግቡ፣ ይሳቅባችሁ። ልጁ ውጭ ይጠብቅ።