የልብስ ሰፊው ኪኒን

«በመስኮትሽ በኩል ብርሃን ያየ ሰው…» ከዚያ ወዲያ ያለውን ስንኝ ረስታዋለች። ቤት ለቤት እየዞረች የደም ግፊት የምትለካው ነርስ ይህችኑ እያንጎራጎረች ወደ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሱቅ ገባች።

ባለፈው ወር ሳይጠብቋት መጥታ ስትለካቸው ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ጉዳቸውን አይታለች፤ ለካ የግፊት ኪኒናቸውን የሚውጡት እሷ በምትመጣበት ቀን ብቻ ኖሯል። «እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሚጠረግ ቤት!» ብላ ብትስቅም ልቧ ደንግጦ ነበር። በዚያ ግፊት ከቀጠሉ አንድ ቀን የስፌት መኪናቸው ላይ ድፍት ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ያው ሕመም ካለበት ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ጋር አጣመረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንዱ ሌላው ፊት እንዲውጥ።

«ይሄ ሰውዬ ምላሴን አስወጥቶ ሳያይ ሱቁን አይከፍትም» አሉ ልብስ ሰፊው ክንዳቸውን እየዘረጉላት።

«ምላስዎማ ከመቀስዎ ይረዝማል» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ።

መለኪያው ተነፍቶ ተነፈሰ። ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷ በራ።

«ወርዷል ጋሼ። ደህና አድርጎ ወርዷል።»

«በይ እንግዲህ፣ ጨው የራቀው ምሳችንን ቅመሽና አንቺው ፍረጂን» አሉ የጨርቁን ክምር ከወንበሩ ላይ እያነሱ።

ከጠዋት ጀምራ በእግሯ ስትዞር ያረፈደችው ነርስ እጇን ታጥባ፣ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ መብላት ጀመረች።