ወደ ግድግዳው ያዞርኩት ጎማ

ለሰው አስረድታችሁ፣ ሰውም አምኗችሁ፣ ያስረዳችሁት ነገር ስህተት መሆኑን በኋላ ብቻችሁን ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ? ማንም ሳይነቃባችሁ? እንዲህ ያለ ቀን ገጥሟችሁ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ምን አደረጋችሁ?

እኔ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለእናቴ በስልክ አልነገርኩም። እዚህ ካርቱም አንድ ክፍል ተከራይቶ አብሮኝ ለሚኖረው ጓደኛዬም ትንፍሽ አላልኩም። አምስት ዓመት አፌን ዘግቼ ሌሎችን አስተማርኩ። አሁን እናንተ ፊት ቆሜያለሁ። መምህር ነኝና በቅደም ተከተል እናገራለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንዳያታልላችሁ። የተስተካከለ አነጋገር ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ የማውቀው እኔ ነኝ።

ዓመቱ 2006 ነበር። የእኛ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት፣ ዐማራት ሰፈር ባለ ትንሽ ትምህርት ቤት ለማስተማር መስከረም ላይ መጣሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ርካሽ ቤት የሚገኝበት ሶባ ነው። ከሶባ ዐማራት ሩቅ ነው፤ እኔ ግን የማልከፍልበት መኪና ነበረኝ። ጋሽ ሙሉ፣ ሱዳን ሃያ ዓመት የኖሩ ጎጃሜ፣ እዚህ ቦክሲ የሚሉት ነጭ ፒክአፕ ነበራቸው። ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አስበይደው አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን በየጠዋቱ ያደርሳሉ። እኔን ጋቢና ያስቀምጡኛል። አንዷ ሴት ራሷን አሟት ከፊት ልቀመጥ ብትል እንኳ “መምህር ነው እኮ፤ ከኋላ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣ?” ይሏታል። እኔም አልወርድም ነበር። ከዚህ ጀምራችሁ ታዘቡኝ።

ሚያዝያ ላይ የመኪናው ጎማዎች አልቀው እንደ ጠርሙስ ለሰለሱ። ጋሽ ሙሉ አራቱንም ሊቀይሩ ሲነሱ አብሬዎት ልሂድ አልኩ። የጎማ ዕድሜ ማንበብ እችላለሁ አልኩ። እውነትም እችላለሁ። አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ስማር አስተማሪው ነግሮናል፤ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ረጅም ፊደልና ቁጥር መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። የማን ዓመት እንደሆነ አልነገረንም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሻጩ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ሀጅ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ሁለት የጎማ ክምር አለ። በርካሹ ክምር ፊት ቁጢጥ ብዬ በጣቴ አቧራውን ጠረግኩና አነበብኩ፤ 2206። ልቤ በደስታ ዘለለ። በየጠዋቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓመት ነው። ከመስከረም ጀምሬ ሳምንቶቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሁለተኛው ሳምንት የካቲት መግቢያ ላይ ይውላል። “ጋሽ ሙሉ፣ ይሄ ጎማ ከተሠራ ሦስት ወር አልሞላውም” አልኩ።

ሀጁ በሌላው ክምር ላይ እጃቸውን ጭነው ነበር። “ያ ኡስታዝ፣ የያዝከው ገዲም ነው” አሉኝ በዐረብኛ። መምህር፣ የያዝከው አሮጌ ነው ማለታቸው ነው። “መጋዘን ውስጥ ብዙ ቆይቷል። ሰው ለሚጫንበት ቦክሲ ከሆነ እነዚህን ውሰዱ።”

እኔ ወደ ጋሽ ሙሉ ጠቀስኩና በአማርኛ “ውዱን ሊያሸክሙን ነው። ቁጥር አይዋሽም” አልኩ።

ጋሽ ሙሉ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ እኔን አዩ። “እኔ እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ በቡጢ እየመታሁ፣ ድምፁን እየሰማሁ ነው የገዛሁት። ያላ፣ የተማረ ያለው ይሁን።”

“ማሌሽ፣ ግድ የለም” አሉ ሀጁ። “ያነበብከው አንተ ነህ።”

አዲስ ዕቃ ከአሮጌው ለምን ይረክሳል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ይህን ጥያቄ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይጠይቃል። እኔ ግን የማውቅ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሶባ ላይ ሴቶቹን ሰብስቤ ስለ ጎማ ቁጥር አስተማርኳቸው። ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች፤ ዝም ማለት የማታውቅ። “መምህር፣ የእኔንስ የተሠራሁበትን ቀን አታነብልኝም? እናቴ ጠፍቷታል” አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ሙሉ ላገኙት ሹፌር ሁሉ “ይሄ ልጅ ጎማ ያነባል” እያሉ ያስተዋውቁኝ ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ኑዛዜዬ አሁን ይጀምራል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። ቅጹን ሞልቼ ከታች ቀኑን ጻፍኩና ሰጠሁ። ጸሐፊው አየውና ሳቀ። “ያ ኡስታዝ፣ አንተ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተሃል። ሌላ ወረቀት ውሰድ።” 2006 ብዬ ጽፌ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሌላ ወረቀት ወስጄ 2014 ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ አንድ ቁጥሩ ላይ ስደርስ መጻፌን አቆምኩ።

ስምንት ዓመት። ጎማውን የሠሩት ሰዎች መስከረምን አያውቁም። በእነሱ 2006 ተሠርቶ፣ በእነሱ 2014 እኛ ገዛነው። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ ይሰነጠቃል። በካርቱም ሙቀት አስፋልት ላይ ሲውል አንድ ቀን ይፈነዳል። ይህን ሁሉ እዚያው ወረፋ ውስጥ ቆሜ አወቅኩ። ሀጁ እውነታቸውን ነበር።

ማምሻውን ጋሽ ሙሉ ቤት ልነግራቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ ከሁለት ሹፌሮች ጋር ተቀምጠው ነበር። “መጣ የጎማው ሐኪም” አሉ ስመጣ። ተቀመጥኩ። ሻይ ጠጣሁ። ተነሥቼ ወጣሁ።

አፈርኩ ነው የምላችሁ? አዎ፣ አፈርኩ። ግን ማፈር ምን ያህል የሚያኮራ ምክንያት ሆኖ እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ? “ከማፈሬ የተነሣ ዝም አልኩ” ሲባል ትሑት ሰው ይመስላል። እኔ ትሑት አልነበርኩም። በማግስቱ ያደረግኩትን ስሙ። “ጋሽ ሙሉ፣ የማርመው ደብተር በዝቶብኛል፤ ከእንግዲህ በጊዜ በሃፍላ እሄዳለሁ” አልኳቸው። ሃፍላ የከተማው ሚኒባስ ነው። እኔ ከዚያ መኪና ወረድኩ። እኔ፣ ብቻዬን፣ ወረድኩ። ስምንቱን ሴቶች ከኋላ ትቼ የራሴን ነፍስ በሃፍላ አሳፈርኩ። ሃፍላው መስኮት ሥር ተቀምጬ አንዳንድ ቀን ቦክሲው ሲያልፈን አያለሁ። ዘይነባ እጇን ታውለበልብልኛለች። እኔም እጄን አውለበልባለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ማለት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መናገር እችል ነበር ማለት ነው። በሃያኛው ቀን ከሶባ መውጫ ላይ የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣና በጎኑ ተጋደመ። ሰው አልሞተም። ይህን ስል ከእናንተ አንዱ “ተመስገን” እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር፤ ለራሴ ነበር ያልኩት። ዘይነባ ቀኝ ክርኗ ተሰበረ። ክርኑ ተጣሞ ገጠመና እጇ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። የምትሠራበት ቤት በሦስተኛው ቀን ሌላ ሴት አስገባ።

መኪናው ተጎትቶ ጋሽ ሙሉ ግቢ ገባ። ልጠይቃቸው ሄጄ የፈነዳው ጎማ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አየሁት። ቁጥሩ ያለበት ጎን አልተቀደደም፤ ወደ ግቢው ዞሮ ነበር። ጋሽ ሙሉ ውኃ ሊያመጡልኝ ገቡ። እኔ ጎማውን አንሥቼ ቁጥሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። በዚያ ግቢ ከእኔ በቀር የሚያውቅበት ማን ነበር? ያስተማርኩት ሰው ሁሉ ቁጥሩን የሚያነበው እንደ እኔ ነው፤ በእኔ ስህተት። ምንም የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ያም ሆኖ አዞርኩት።

በዚያ ሳምንት ዓርብ የእኛ ሰዎች ሽማግሌዎች እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። የሴቶቹ ወንድሞች ጋሽ ሙሉ ሲሮጡ ነው የገለበጧቸው ብለው ከሰዋቸው ነበር። ጋሽ ሙሉ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ዘይነባ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ተነሣች።

“ወላሂ አልሮጡም” አለች። “ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቀስ እያሉ ነበር። ሰውም አልበዛም፤ ያው ስምንት ነን እንደ ሁልጊዜው። ጎማው ነው። ጎማው በራሱ ፈነዳ።”

እውነቱን ተናገረች። ማንበብ የማትችል ሴት፣ የተሰበረ እጇን ይዛ፣ ያለማንም እርዳታ እውነቱ ላይ ደረሰች። ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “መምህር፣ አንተ ስለ ጎማ ታውቃለህ” አሉኝ።

ጠመኔ አነሣሁ።

“ዘይነባ፣ ኪሎሽ ስንት ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። ሰው ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፋች። ለአንድ ሰው ስልሳ ኪሎ ብዬ በስምንት አባዛሁ፤ ሃያ ኪሎ የዕቃ ጨመርኩ፤ ከሥሩ “ግማሽ ቶን” ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ጭነት ጎማን እንዴት እንደሚያግል፣ ሙቀት ሲጨመርበት አዲስ ጎማ እንኳ እንዴት እንደሚፈነዳ አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም። ሁለት እውነተኛ ቁጥር ብቻ አስቀረሁ። መኪናው አንድ ቶን መሸከም እንደሚችል አልጻፍኩም። ጎማው ስምንት ዓመቱ እንደሆነ አልጻፍኩም።

ዘይነባ እንደገና ልትነሣ ስትል አንዱ ሽማግሌ “ተይ እንግዲህ፣ መምህሩ አስረድቷል” አላት። ኻላስ፣ በዚያው አለቀ።

ጋሽ ሙሉ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። “እውነቱን ነው” አሉ። “እኔ ነኝ ያበዛሁባችሁ። ይቅር በሉኝ።”

ዘይነባን ለማሳከም መኪናውን ሸጡ። ከፈነዳው ጎማ ሌላ ሦስቱ ከመኪናው ጋር ለማናውቀው ሰው ሄዱ፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ሦስቱ የት እንደፈነዱ፣ ማን ላይ እንደፈነዱ አላውቅም። ጋሽ ሙሉ ዐማራት ውስጥ የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆኑ። መሪ ይዘው የኖሩ እጆች የሰው በር ይከፍታሉ። ዘይነባ እጇ ሳይስተካከል ወሎ ገባች።

ጋሽ ሙሉ ዘበኝነት በጀመሩ ሰሞን ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ። “ቀድመህ ብታስተምረኝ ኖሮ እነዚያን ልጆች አልጎዳም ነበር። አሁን ቦክሲ ለሚነዱት ሁሉ እየነገርኩ ነው፤ መምህር እንዲህ ይላል እያልኩ” አሉኝ። እኔም “ምንም አይደል” አልኳቸው። ሰምታችኋል? ምንም አይደል አልኩ።

አሁን የቀን አቆጣጠር ያሳተው የዋህ ልጅ ነው እንዳትሉኝ። ዕድል ነው እንዳትሉኝ፤ ወጣት ነበርክም አትበሉኝ። ቀኑን የተሳሳትኩት ለሁለት ሳምንት ነው። የቀረው አምስት ዓመት ቀን ሳልሳሳት፣ እያወቅኩ የሠራሁት ነው። ጎማ አስገዛሁ፤ አወቅኩ፤ ወረድኩ፤ አዞርኩ፤ አስረዳሁ። የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል። እውነት የተናገረችን ሴት በሰው ፊት በጠመኔ አፏን ዘጋሁ።

የሚመጣው ዓርብ ጋሽ ሙሉ በር ላይ እቆማለሁ። ይህንኑ ፊታችሁ የያዝኩትን ወረቀት አነብላቸዋለሁ። ቀጥሎ ያንኑ ስብሰባ እንዲጠሩልኝ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ፤ ያስቀረኋቸውን ሁለት ቁጥሮች በዚያው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የዘይነባን ስልክ ቁጥር አፈላልጌ አግኝቻለሁ፤ ደውዬ ይህንኑ እነግራታለሁ። ይቅርታ ካደረጉልኝ ያድርጉ። እናንተን ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተሰበረው የእናንተ ክርን አይደለም።

ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ነገ አንድ መኪና አጠገብ ቁጢጥ በሉና አራቱን አሃዞች ፈልጉ። የኋለኞቹን ሁለቱን አንብቡ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። አሮጌ ሆኖ ካገኛችሁት ባለቤቱን ፈልጋችሁ “ጎማህ አሮጌ ነው” በሉት። ምን ያህል እንደሚከብድ እዩት። ከዚያ ቤታችሁ ግቡና ለሰው ካስረዳችሁት ነገር ውስጥ ስህተት ሆኖ ያገኛችሁትን አንዱን አስታውሱ። ያስረዳችሁት ሰው ዛሬም የሚሄድበት ከሆነ፣ ሳይመሽ ሄዳችሁ ንገሩት። እባካችሁ ሞክሩት።